ስለ እጅሽ አቀማመጥ

ልጄ፣ እናትሽ ትናንት ደውላ «ጋሼ፣ ልጅቷ ኪቦርዱን በነጠላ ሸፍና ቁጭ ብላለች» አለችኝ። ፈተናውን እንዳላለፍሽ፣ ፈታኞቹም የእጅሽን አቀማመጥ እንደነቀፉ፣ አንቺም «ሙዚቃ የማያውቁ ናቸው» እንዳልሽ ሰማሁ። ስልክ ላይ ብዙ ማውራት አልችልም፤ ጆሮዬ እየደከመ ነው። አርባ ዓመት ክላርኔት ነፍቶ ጡረታ የወጣ ሰው ደግሞ ጊዜ አያጣምና፣ ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ።

ስለ ጁሴፔ ቬርዲ ልንገርሽ። «ናቡኮ»ን፣ «ሪጎሌቶ»ን፣ «ላ ትራቪያታ»ን የደረሰው ጣሊያናዊ ነው። ሰው ሁሉ ታሪኩን «ንቀውት ነበር፣ አሳያቸው» እያለ ያወራዋል። እኔን አይጥመኝም። ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራልሽ።

በ1832 የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሳለ ከቡሴቶ ተነሥቶ ሚላኖ ሄደና ለሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ተፈተነ። አልተቀበሉትም። ምክንያታቸውን ልብ ብለሽ እዪው። ዕድሜው ከተፈቀደው አልፏል። ጣሊያን ገና አንድ አገር አልሆነችም ነበርና፣ የፓርማ ግዛት ተወላጅ ለሚላኖ ባዕድ ነው። ፒያኖ ላይ እጁን የሚያስቀምጥበትም መንገድ ልክ አይደለም። ድርሰቱን ያየው ፈታኝ ግን ተስፋ እንዳለው ተናግሯል። ከነዚህ ውስጥ ውሸቱ የቱ ነው? አንዱም። ጣቶቹ በመንደር ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ላይ የተገሩ ነበሩ፤ እጁን የነቀፈው ፈታኝ ያየውን ነው የተናገረው።

ቬርዲ ግን ቂም ያውቃል። የማመልከቻውን ወረቀት ውድቅ መደረጉን በእጁ ጽፎበት ዕድሜ ልኩን አስቀመጠው። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በሱ ስም ይጠራል፤ ይህን ሲሰማ ሰው ያጨበጭባል። እኔ የማስበው ሌላ ነው፤ ወረቀቱን ይዞ ከወጣ በኋላ የማን ገንዘብ አበላው?

አንቶኒዮ ባሬዚ ይባላል። የቡሴቶ ነጋዴ ነው፤ ቅመማ ቅመምና መጠጥ ያከፋፍላል። ደግሞ ፍሉት ይነፋል፤ የከተማዋ የሙዚቃ ማኅበር የሚለማመደውም እሱ ሳሎን ነበር። የቬርዲ አባት ሮንኮሌ በምትባል መንደር ትንሽ መጠጥ ቤት የነበረው ሰው ነው፤ ልጁን ሚላኖ አስቀምጦ ለማስተማር አቅሙ አይፈቅድም። የከተማው የበጎ አድራጎት ተቋም የመደበው ገንዘብ እስኪለቀቅ ባሬዚ ከኪሱ እያወጣ፣ የጎደለውንም እየሞላ፣ ልጁ ቪንቼንሶ ላቪኛ ዘንድ በግል እንዲማር አደረገ። ላቪኛ ላ ስካላ ቴአትር ውስጥ ያረጀ ባለሙያ ነው። ሦስት ዓመት ያህል ምን አስተማረው መሰለሽ? ካኖንና ፉጋ። አንዱ ድምፅ የጀመረውን ዜማ ሌላው ከኋላ እየተከተለ፣ ሳይጋጩ የሚጠላለፉበት ስሌት ነው። ጠዋት ካኖን፣ ማታ ፉጋ። ቬርዲ ራሱ በኋላ አጉረምርሞበታል። ስድሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ ግን፣ በ1893፣ በሰባ ዘጠኝ ዓመቱ፣ «ፋልስታፍ» የሚለውን ቀልደኛ ኦፔራ የዘጋው በፉጋ ነው። መድረኩ ላይ ያሉት ሁሉ ከአፍ ከአፍ እየተቀባበሉ በሰው ልጅ ሞኝነት ይስቃሉ። አግኝተሽ ስሚው። ዜማው ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ በጣትሽ እየቆጠርሽ ስሚው።

ከባሬዚም በፊት ሌላ እጅ አለ። ቬርዲ ሕፃን ሳለ አባቱ ስፒኔት የሚባል ትንሽ ያረጀ ባለ ቁልፍ መሣሪያ ገዝቶለት ነበር። ተበላሸና በ1821 ካቫሌቲ የሚባል ጠጋኝ መጣ። መዶሻ መሳዮቹን አዲስ ሠርቶ ቆዳ አለበሰለት፣ ፔዳል ገጠመለት፣ ከዚያም ልጁ ለመማር ያለውን ፍላጎት አይቶ በነፃ እንደሠራው እዚያው መሣሪያው ውስጥ ጽፎ ሄደ። ቬርዲ ያንን ስፒኔት እስኪሞት አልለቀቀውም። አሁን ላ ስካላ ሙዚየም ውስጥ ነው።

ያንቺን ኪቦርድ ማን እንደገዛው አልጠይቅሽም። አክስትሽ ከሪያድ፣ በሰው ቤት ቆማ ካገኘችው። ይህን የምልሽ ላሸማቅቅሽ ብዬ አይደለም። ባለውለታ ጌታ ማለት እንዳይመስልሽ። ቬርዲ ከዘፋኟ ከጁሴፒና ስትሬፖኒ ጋር ሳይጋቡ ቡሴቶ ሲኖሩ ከተማው ሁሉ አማቸው፤ ባሬዚም ወቀሰው። የባሬዚ ወቀሳ ቀላል አልነበረም፤ የመጀመሪያ ሚስቱ ማርጌሪታ የባሬዚ ልጅ ነበረች። ቬርዲ በ1852 ቁጣ ያለበት ደብዳቤ ጻፈለት፤ በቤቴ ጉዳይ ማንም መልስ ሊጠይቀኝ አይችልም የሚል ነው። እዚያው ደብዳቤ ላይ ግን ውለታውን አልካደም። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ «ማክቤት»ን ሲያሳትም መታሰቢያነቱን ለማን ሰጥቶ ነበር? ለባሬዚ።

ማርጌሪታን ካነሣሁ አይቀር። ሁለት ልጆች ወልደው ሁለቱም በሕፃንነታቸው ሞቱ፤ አንዷ በ1838፣ አንዱ በ1839። በ1840 እሷም ተከተለቻቸው። በዚያው ዓመት ያቀረበው ኮሚዲ ተፉጨበት። ቬርዲ ካረጀ በኋላ ይህን ሲተርክ ሦስቱም በሁለት ወር ውስጥ እንደሞቱ አድርጎ ነገረ። በእውነቱ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። ሽማግሌ ሲያወራ ዘመን ያሳጥራል፤ እኔም የምነግርሽን ሁሉ በወንፊት እየነፋሽ ተቀበዪ። «ናቡኮ» ግን በመጋቢት 1842 ላ ስካላ ላይ መውጣቱና ስሙን መትከሉ የተረጋገጠ ነው።

«አይዳ»ን መጠየቅሽ አይቀርም፤ ሁሉም ይጠይቀኛል። አዎ፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ግብፅ ውስጥ ተማርካ ባሪያ የሆነችበት ታሪክ ነው። ያዘዘው የግብፁ ገዥ ከዲቭ ኢስማኤል ሲሆን ለደራሲው 150,000 ፍራንክ ተከፍሏል። አልባሳቱና የመድረኩ ሥዕል ፓሪስ ስትከበብ እዚያው ተቆልፎባቸው ስለቀሩ፣ ካይሮ ላይ የታየው ዘግይቶ በታኅሣሥ 1871 ነው። ቬርዲ ራሱ አልሄደም። መድረኩ ላይ ግብፅ ኢትዮጵያን ድል አድርጋ ሰልፍ ታሳያለች፤ አራት ዓመት ቆይቶ ያው ኢስማኤል ጦሩን እውነተኛዋ ኢትዮጵያ ላይ ላከና ጉንደትና ጉራ ላይ በአፄ ዮሐንስ ተመታ። በዚህኛው ሰልፍ መለከት የሚነፋለት አላገኘም።

ወደ ባሬዚ ልመለስ። በ1867 ሊሞት ሲያጣጥር፣ ቬርዲ ፒያኖው ላይ ተቀምጦ የሚወደውን የ«ናቡኮ» ምርኮኞች መዝሙር እንደተጫወተለት ይነገራል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር መጽሐፉን አጥፋለሁ።

የመጀመሪያዬን ክላርኔት የገዛልኝ ደሴ ላይ አቡጀዲ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ዘመዴ አይደለም። ሱቁ በር ላይ ቁጭ ብዬ በሸምበቆ ዋሽንት ስነፋ ሰምቶኝ ነው። አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ «የዘንድሮ ፋሲካ እሄዳለሁ፣ የመጪው ገና እሄዳለሁ» ስል አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። የሄድኩት አርባው ከወጣ በኋላ ነው። ሚስቱ ቡና አፈላችልኝና ሁለተኛውን ስኒ ስትቀዳ «ያቺን ክላርኔት ይዘሃታል?» አለችኝ። አልያዝኳትም ነበር።

ቬርዲ በስተርጅና ሚላኖ ውስጥ ጉልበታቸው ያለቀ፣ ጥሪት የሌላቸው ሙዚቀኞች የሚጦሩበት ቤት አሠራ፤ የሥራዎቹንም ገቢ ተወለት። ሕንፃው እሱ በሕይወት እያለ አልቆ ነበር፤ እሱ ሳይሞት ግን ነዋሪ እንዳይገባ አዘዘ። ምስጋና ሽሽት ነው ይላሉ። በጥር 1901 ሞተ፣ በሚቀጥለው ዓመት በልደቱ ቀን በሩ ተከፈተ። እሱና ጁሴፒና የተቀበሩትም እዚያው ግቢ ነው።

አሁን ነጠላውን ከኪቦርዱ ላይ አንሺው። አክስትሽ ዓርብ ዓርብ ታርፋለች አይደል? ደውይላትና ስልኩን ቁልፎቹ አጠገብ አስቀምጪ፤ እየተሳሳትሽም ቢሆን ተጫወቺላት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ ጋ ነይ። ፈታኞቹ ያሉት ልክ መሆኑን አውቃለሁ፤ ባለፈው ቤታችሁ ስትጫወቺ የእጅሽ አንጓ ቁልቁል ሲወርድ፣ አውራ ጣትሽም ከቁልፉ ውጭ ተንጠልጥሎ ሲቀር አይቻለሁ። እንግዳ ስለነበረ ዝም አልኩ። ጥፍርሽን ቆርጠሽ ነይ።