ማየት ጉልበት ነውን?

የዓይን ክሊኒክ ውስጥ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ይዘዋቸው የሚመጡት ጥያቄዎች ብዙ ቢመስሉም ቢሰበሰቡ ጥቂት ናቸው። «ልጄ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከአሁኑ መነጽር ከለመደች ዓይኗ አይሰንፍም ወይ?» «ቁጥሩ በየጊዜው የሚጨምረው መነጽሩ እያባሰብኝ ይሆን?» «ዶክተር፣ እኔ በደንብ አያለሁ፤ ምን ብዬ እመረመራለሁ?» «መነጽር ከምሸከም ኮንታክት ሌንስ ባደርግስ?» ሐኪሙ እነዚህን ጥያቄዎች ዘወትር ስለሚሰማቸው አጭር መልስ ሰጥቶ ያልፋቸዋል። ጠያቂው ግን መልሱን ይዞ ቤቱ ሲገባ ሥጋቱም አብሮት ይገባል፤ ከጥያቄዎቹ ሥር ያልተነካ አንድ እምነት አለና። እምነቱ ማየት ጉልበት ነው የሚል ነው። ጉልበት ከሆነ በልምምድ ይጠነክራል፣ በድጋፍ ይሰንፋል፣ በዕድሜ ይደክማል፤ እስካለ ድረስ ደግሞ የሚያሳስብ ነገር የለም። የጥያቄዎቹን ትርጉም ለመረዳት መመርመር ያለበት ይህ እምነት ነው።

እምነቱ የተራ ሰው ብቻ አይደለም። ዩክሊድንና ፕቶለሚን የመሰሉ የጥንት ሊቃውንት ዓይን ከራሱ ጨረር እያወጣ ነገሮችን እንደሚዳስስ ያስተምሩ ነበር። በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በካይሮ ይሠራ የነበረው የባስራው ተወላጅ ኢብን አል ሀይሠም ግን ነገሩን ገለበጠው፤ ብርሃን ከነገሩ ተነሥቶ ወደ ዓይን እንደሚመጣ አስረዳ። ዓይን ኃይል ላኪ ሳይሆን ብርሃን ተቀባይ ነው። ብርሃኑ ጥርት ባለው የፊት ሽፋን በኮርኒያ ይገባል፤ ከብሌኑ በስተኋላ ባለው የተፈጥሮ ሌንስ አልፎ ከዓይኑ ጀርባ በተነጠፈው ሬቲና ላይ ያርፋል። ጨረሩ በትክክል ሬቲናው ላይ ከተሰበሰበ ነገሩ ጥርት ብሎ ይታያል። የአዋቂ ሰው ዓይን ከፊት እስከ ኋላ 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ርዝመቱ በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢጨምር ጨረሩ ሬቲናው ጋ ሳይደርስ ይሰበሰባል፤ ሩቁ ይደበዝዛል፤ ሰውየውም 2.5 ወይም 3 ዳዮፕተር የሚሆን ነጌቲቭ መነጽር ያስፈልገዋል። ዓይኑ ካጠረ ቁጥሩ ፖዘቲቭ ይሆናል። ኮርኒያው በሁሉም አቅጣጫ እኩል ካልጎበጠ ደግሞ አስቲግማቲዝም ይባላል፤ በማዘዣው ላይ ከ1 እስከ 180 ባለው ዲግሪ የሚጻፈው የዚያ ጉብጠት አቅጣጫ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚለካው ርዝመትና ጉብጠት ነው። ዓይን ውስጥ ጡንቻ የለም ማለት አይደለም፤ ቅርቡን ስናይ ሌንሱን የሚያጎብጥ ትንሽ ጡንቻ አለ። ነገር ግን ያ ጡንቻ የቱንም ያህል ቢሠራ የረዘመን ዓይን ሊያሳጥር አይችልም። መነጽርም የሚያርመው ብርሃኑን ነው፤ ወደ ዓይን ከመግባቱ በፊት መንገዱን ያስተካክልለታል። ሲወልቅ ዓይኑ እንደነበረው ነው። «ካደረግሁት ወዲህ ሳወልቀው ጭራሽ አይታየኝም» የሚል ሰው የሚናገረው እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ብዥታው ቀድሞም ነበረ፤ ሰውየው ጥራት ምን እንደሚመስል ስላላወቀ የሚያወዳድርበት አልነበረውም። አሁን አለው። ጉዳት ሆኖ የተሰማው ያ አዲስ ዕውቀት ነው።

ታዲያ የልጆች ቁጥር ለምን ይጨምራል? ልጁ ስለሚያድግ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ዓይን 17 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሰውነቱ ጋር ያድጋል። በአንዳንዱ ልጅ ላይ ዕድገቱ ከልኩ ያልፍና በትምህርት ቤት ዕድሜው ሁሉ እየረዘመ ይሄዳል። ወላጅ የሚያየው መነጽሩንና የሚጨምረውን ቁጥር ጎን ለጎን ስለሆነ አንዱን የሌላው ምክንያት ያደርገዋል። ማሌዥያ ውስጥ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ይህንኑ ፈትኗል፤ ሆን ተብሎ ከሚያስፈልጋቸው ያነሰ ቁጥር ያለው መነጽር የተሰጣቸው ልጆች ሩቅ ያለማየት ችግር ሙሉ ቁጥር ከተሰጣቸው ይልቅ በፍጥነት ጨመረ። ይልቅ የሚጠቅመው የቀን ብርሃን ነው። በቻይናዋ ጓንጁ ከተማ ለሦስት ዓመት የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ሕፃናት በትምህርት ቀን ተጨማሪ 40 ደቂቃ ደጅ እንዲቆዩ ማድረግ በችግሩ የሚያዙትን ልጆች ቁጥር እንደሚቀንስ አሳይቷል። ልጁ ደጅ ወጥቶ እንዲጫወት መፍቀድ መነጽሩን ከመደበቅ እጅግ የተሻለ ጥበቃ ነው።

ከዚህ የሚከብድ ነገርም አለ። ማየት በዓይን ይጀምራል እንጂ በዓይን አይፈጸምም። የሕፃን አንጎል ማየትን የሚማረው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፤ ከአንደኛው ዓይን የሚመጣለት ምስል ሁልጊዜ ብዥ ያለ ከሆነ ያንን ዓይን ቀስ በቀስ ችላ ይለዋል። ልጁ በሌላኛው ዓይን እያየ ስለሚሮጥና ስለሚጫወት ማንም አያውቅበትም። ሰባት ስምንት ዓመት ካለፈው በኋላ ደግሞ ሕክምናው እየከበደ ይሄዳል፤ ዘግይቶ የመጣ መነጽር ጨረሩን ሬቲናው ላይ ቢሰበስብም አንጎሉ ያልተማረውን በቀላሉ አያነብለትም። እንግዲህ ዓይኑ እንዳይሰንፍ ተብሎ መነጽር የተከለከለ ልጅ በእርግጥ ዓይኑ የሚዳከመው በክልከላው ምክንያት ነው። በክፍል ውስጥ ሰሌዳው የማይታየው ልጅም «አይታየኝም» አይልም፤ ሌላው ሰው እንዴት እንደሚያይ በምን ያውቃል? ዝም ይላል፣ ይቀልዳል፣ ወይም ከጎኑ ካለው ይገለብጣል። ስሙም ሰነፍ ይባላል።

ይኸው እምነት አዋቂውንም መመርመሪያው ወንበር ላይ ያስጨንቀዋል። ኔዘርላንዳዊው ሐኪም ሄርማን ስኔለን እ.ኤ.አ. በ1862 ያወጣው የፊደል ሠንጠረዥ ዛሬም በየክሊኒኩ አለ። በእኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚሰቀለው አንድ ምልክት ወደ አራት አቅጣጫ የሚዞርበት ዓይነት ነው፤ ፊደል ያልቆጠሩ እናትም በእጃቸው እያመለከቱ ይመረመሩበታል። 6/6 ማለት ጤናማ ዓይን በ6 ሜትር የሚያየውን በ6 ሜትር ማየት ነው፤ 6/60 ማለት ጤናማው በ60 ሜትር የሚለየውን ለማየት እስከ 6 ሜትር መቅረብ ማለት ነው። ውጤት ሳይሆን ርቀት ነው። ሰዎች ግን ውጤት ይመስላቸውና ታችኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ያፍራሉ፤ ዓይናቸውን እያጨነቆሩ ይገምታሉ፤ አንዳንዱ በሌላው ተራ የሰማውን በቃሉ ይይዛል። ሐኪሙ ሌንስ እየቀያየረ «ይሄ ይሻላል ወይስ ያኛው?» ሲል ደግሞ ተሳስቼ የተበላሸ መነጽር ይታዘዝልኛል ብለው ይጨነቃሉ። ልብስ ሰፊ ሜትሩን ትከሻችን ላይ ሲዘረጋ ትከሻችንን የምናሰፋለት የለም፤ ልኩን እንዲያገኝ ዝም ብለን እንቆማለን። እዚህም እንዲሁ ነው። ከመልሳችን በፊት ባለሙያው ብርሃን ወደ ዓይን እያበራ ቁጥሩን በግምት አግኝቶታል፤ የእኛ መልስ ያጠራዋል። «ሁለቱም አንድ ናቸው» ማለትም መልስ ነው፤ ልኩ ላይ መድረሱን ይነግረዋል። «አላየሁትም» ማለት ደግሞ በዚያ ክፍል ውስጥ ከሚነገሩ ቃላት ሁሉ ጠቃሚው ነው።

አርባ ዓመት ሲሞላ እምነቱ ሌላ መልክ ይይዛል። መጽሐፉ ከፊት እየራቀ ይሄዳል፤ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ለልጆች ይተላለፋል፤ ምስር ለቀማው ይከብዳል። የዚህ ምክንያቱ የተፈጥሮው ሌንስ ከልጅነት ጀምሮ ቀስ እያለ እየጠጠረ መምጣቱ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ቅርቡን ለማየት የሚበቃ መጉበጥ አይችልም። ዕድሜ ላገኘ ሁሉ የሚደርስ ነገር ነው። ብዙዎች ግን ይህን እንደ መሸነፍ ቆጥረው መነጽሩን ያዘገዩታል። አንዳንድ አባቶችና እናቶች ለዓመታት ሲደግሙት የኖሩትን ዳዊት አጥፈው ያስቀምጣሉ፤ ጥልፍ ጠላፊዋ ሥራዋን ትተዋለች። በሕንድ አሳም ግዛት ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት በላይ በሆነ የሻይ ቅጠል ለቃሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት የቅርብ መነጽር የተሰጣቸው ሠራተኞች የምርት ዕድገት ካልተሰጣቸው ከ20 በመቶ በላይ መብለጡን አሳይቷል። ለቃሚዎቹ አልሰነፉም፤ ቅጠሉ ነበር ያልታያቸው።

በዚህ ዕድሜ ከመንገድ ዳር ተሞክሮ የሚገዛ የንባብ መነጽር ዓይን አያበላሽም። ሁለቱ ዓይኖች እኩል ከሆኑና አስቲግማቲዝም ከሌለ በደንብ ያገለግላል፤ ካልሆነ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል። ትልቁ ጉድለቱ ግን ሌላ ነው። ቅርቡ ሲታየው ሰውየው ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል፤ ወደ ምርመራ የሚወስደውን ብቸኛ ምክንያትም ያጣል።

«በደንብ አያለሁ፤ ለምን እመረመራለሁ?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉም አደገኛ የሆነው ለዚህ ነው። ግላኮማ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ያለ ሕመም ይጎዳል። ብዙ ጊዜ የሚነካው መጀመሪያ የእይታን ዳር ስለሆነ አንደኛው ዓይን ያጣውን ሌላው ይሸፍነዋል፤ አንጎልም ክፍተቱን ይሞላዋል። ሰውየው የሠንጠረዡን የመጨረሻ መስመር እያነበበ ከነርቩ ብዙው ሊሞት ይችላል። የሞተው ነርቭ አይመለስም፤ ጠብታውም ሆነ ቀዶ ሕክምናው የቀረውን ለማትረፍ ነው። ስለዚህ ባለሙያው የዓይን ግፊት ይለካል፤ የተለመደው ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ግፊቱ ልክ ሆኖም በሽታው ሊኖር ስለሚችል ነርቩን ራሱን ያያል። ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ የሚጨመረውም ውስጡን ለማየት ነው፤ ለጥቂት ሰዓታት ቅርቡን ያደበዝዛል፣ ብርሃን ያስጠላል፣ ከዚያ ይለቃል። ያን ቀን መኪና አለመንዳት ይሻላል። ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሰው፣ በተለይ በቤተሰቡ ግላኮማ ያለበት፣ እያየም መመርመር አለበት። የስኳር ሕመም ያለበት ደግሞ ምንም ባይሰማው በየዓመቱ ሬቲናውን ያሳይ። ጥራትና ጤና አንድ አይደሉም።

ኮንታክት ሌንስን የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ ወጣት ነው፤ ድጋፉ እንዳይታይበት ይፈልጋል። ፍላጎቱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ሌንሱም በሥርዓት ለያዘው ጥሩ ነገር ነው። «ከዓይኔ ጀርባ ገብቶ ይጠፋል?» ለሚለው ፍርሃት መልሱ አይጠፋም ነው፤ ከዓይን ቆብ ውስጥ ተነሥቶ የዓይኑን ነጭ የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ታጥፎ መንገዱን ይዘጋዋል። ሊፈራ የሚገባው ሌላ ነው። ኮርኒያ የደም ሥር የለውም፤ ኦክስጅን የሚያገኘው በእንባው በኩል ከአየር ነው፤ ሌንሱ ደግሞ በመካከሉ ይቀመጣል። የቼኮስሎቫኪያው ኬሚስት ኦቶ ቪክተርሌ እ.ኤ.አ. በ1961 መጨረሻ ቤቱ ውስጥ በልጆች መገጣጠሚያ መጫወቻ በሠራው መሣሪያ የቀረጸው ለስላሳ ሌንስ ውኃ የሚመጥ ፕላስቲክ ነው። ምቾቱ ከዚያ ይመጣል፤ አደጋውም እንዲሁ። በቧንቧ ውኃ የታጠበ ሌንስ በውኃው ውስጥ ያሉ ተሕዋስያንን ይዞ ኮርኒያው ላይ ይቀመጣል፤ ከነዚህ አንዱ አካንታሜባ የተባለው ለማዳን እጅግ የሚያስቸግር ቁስል ያመጣል። ሌንስ አድርጎ መተኛት ደግሞ የኢንፌክሽንን ዕድል ከ6 እስከ 8 እጥፍ ያሳድገዋል። ለሠርግ ወይም ለፎቶ ተብሎ ያለ ምርመራ የሚደረግ ባለ ቀለም ሌንስም ከዚህ ነፃ አይደለም፤ ቁጥር ባይኖረውም የሚያርፈው እዚያው ሕያው ሽፋን ላይ ነው። ኮርኒያ ጠባሳ ከያዘ በመነጽር አይስተካከልም፤ ንቅለ ተከላ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ለዚያም ሌላ ሰው ከሞቱ በኋላ የሚሰጠውን መጠበቅ ግድ ነው። ዓይኑ ከቀላ፣ ካመመ ወይም ብርሃን ካስጠላው ሌንሱን በዚያው ሰዓት አውልቆ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ማየት ጉልበት ካልሆነ ምንድን ነው? ብርሃን፣ ልክና ትምህርት በአንድ ላይ ሲገናኙ የሚሆን ነገር ነው። ልኩ ሊለካና ሊታረም፣ ትምህርቱ በጊዜው ሊደገፍ፣ አካሉ ሳይታመም ሊጠበቅ ይችላል። እንዲህ ከተረዳነው መነጽር ማድረግ ማፈሪያ መሆኑ ይቀራል፤ በደንብ ማየትም ከምርመራ መቅሪያ ሰበብ አይሆንም። ነገሩ የግለሰብ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በኢትዮጵያ የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት ከዓይነ ስውርነት መለስ ያለ የእይታ መቀነስ ካለባቸው ሰዎች መካከል 33.4 በመቶው ችግራቸው በመነጽር ሊታረም የሚችል መሆኑን አሳይቷል። ከዓይን ሞራ ቀጥሎ ሁለተኛው ምክንያት ይህ ነበር።

ይህን ለመለወጥ ባለሙያ፣ ሌንስና ገንዘብ ያስፈልጋል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ተቋማት ኦፕቶሜትሪስቶችን ማሠልጠናቸው ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የተገዛ መነጽርም መሳቢያ ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ አያት «ዓይኗን ታሰንፊያታለሽ» ካሉ እናቲቱ ከልጇ ፊት ላይ ታወልቀዋለች። ስለዚህ የሚጠይቀው ሰው ሳይሸማቀቅ ይጠይቅ፤ ቁጥሩ ለምን እንደተቀየረ፣ ነርቩ ታይቶ እንደሆነ፣ መቼ መመለስ እንዳለበት ሳይሰማ አይውጣ። መላሹም ለዚያ የሚጠፋውን ጥቂት ደቂቃ ከሕክምናው ይቁጠረው። መነጽሩን ፊት ላይ የሚያቆየው ጠያቂው አምኖት የሄደው መልስ ነውና።