የአገር ዘዬና የጨዋታ እውነት

አንድ ሰው ከትውልድ አገሩ ርቆ ሲኖር ልብሱን፥ ምግቡንና ልማዱን ሊለውጥ ይችላል፤ አነጋገሩ ግን በቶሎ አይለወጥም። ከአፉ የሚወጣው ቃል ያደገበትን አገር ይመሰክራል። ይህ ምስክርነት ለተናጋሪው ክብር ወይም ውርደት የሚሆነው ግን ከቃሉ የተነሣ ሳይሆን ከሰሚው ኅሊና የተነሣ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄም ከዚሁ ይመነጫል፤ ይኸውም የሕዝብን አነጋገር ወስዶ ለጨዋታ የሚያውል ሰው ለአነጋገሩ ባለቤቶች ምን ዕዳ አለበት? የሚለው ነው።

ጨዋታ ስንል ዛሬ ወጣቶች በኮምፒውተርና በስልክ የሚጫወቱትን የቪዲዮ ጨዋታ ማለታችን ነው። ይህ ጨዋታ እንደ ቴያትር ተዋንያን፥ እንደ መጽሐፍም ታሪክ አለው፤ አማርኛችንም ወደ እርሱ ከገባ ዓመታት አልፈዋል። «ሲቪላይዜሽን» በሚባለው ጨዋታ በ2004 ዓ.ም. በወጣው ክፍል ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፥ በ2012 ዓ.ም. በወጣውም ዳግማዊ ምኒልክ በአማርኛ ሲናገሩ ይሰማሉ። በ2008 ዓ.ም. «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ» በተባለው ጨዋታ ላይ የተጨመሩት የኢትዮጵያ ወታደሮችም ትእዛዝ ሲቀበሉ የሚመልሱት በአማርኛ ነው፤ ከታሪኮቹም አንዱ የዮዲት ታሪክ ነው። በአገራችንም ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት «ኩኩሉ» እና «ገበጣ» የተባሉ ጨዋታዎችን ሠርቷል።

የአገር ቋንቋ በዓለም ገበያ መሰማቱ የሚያስደስት መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ደስታው ካለፈ በኋላ ማሰብ ይከተላል። የዮዲት ዘመን በ10ኛው መቶ ዓመት ገደማ እንደ ነበረ ይነገራል፤ የአክሱም ሊቃውንት የሚጽፉት ግን በግዕዝ ነበር። በጨዋታው ግን አንድ ዐይነት አማርኛ ለዘመኑ ሁሉና ለአገሩ ሁሉ ቆሞ ይናገራል። ጎንደርና ጎጃም፥ ወሎና ሸዋ በአንድ አፍ ይጠቃለላሉ።

አንዳንድ ሰዎች «ጨዋታ ጨዋታ ነው፤ የሞተ ሰው ድምፅ እንዴት እንደ ነበረ የሚያውቅ የለም፤ ለሰሚው ከገባው ይበቃል» ይሉ ይሆናል። በ2007 ዓ.ም. የፈረንሳይን አብዮት መነሻ አድርጎ የወጣው «አሳሲንስ ክሪድ ዩኒቲ» የተባለው ጨዋታ በእንግሊዝኛ ሲቀርብ የፓሪስ ሰዎች እንደ እንግሊዝ አገር ሰው ሲናገሩ ተሰምተዋል። ብዙ ሰዎች ይህን ነገር ቢተቹትም፥ ፓሪስ በዚህ ምክንያት አልተዋረደችም። ስለዚህ የተቃዋሚዎቹ ሐሳብ ፈጽሞ ከንቱ ነው ለማለት አይቻልም። ድምፅ ተበደረ ማለት ብቻውን ኃጢአት አይሆንም።

ኃጢአቱ ያለው ሌላ ስፍራ ነው፤ እርሱም ዘዬው ለማን እንደ ተሰጠና ከማን እንደ ተነፈገ ሲታይ ይገለጣል። በብዙ የእንግሊዝኛ ጨዋታዎች ውስጥ በተረት የሚታወቁት ድንኮች የስኮትላንድ ሰው አነጋገር ይሰጣቸዋል። በእኛም ዘንድ በመድረክና በቴሌቪዥን ቀልድ የባላገር ዘዬ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ሰው እንዲስቅ በተፈለገ ጊዜ ነው፤ ዳኛው፥ ሐኪሙና ሹሙ ግን የአዲስ አበባን አነጋገር ይናገራሉ። እንዲህ ያለው አከፋፈል ማንንም ሳይሰድብ ይሳደባል። ሰሚው «ይህ አፍ ዕውቀት አይወጣውም» የሚለውን ፍርድ ማንም ሳይነግረው ይማራል። ከስማዳ ወይም ከእስቴ ወደ ከተማ የመጣ ተማሪ «ሄጄ» በማለት ፈንታ «ሂጀ» ስላለ ጓደኞቹ የሳቁበት እንደ ሆነ፥ በማግሥቱ መልሱን እያወቀ እጁን ሳያነሣ ይቀራል። የጠፋው የአንድ ልጅ መልስ ቢመስልም፥ አገር የምትከስረው ከዚህ የበለጠ ነው።

ዘዬ ሥርዓት የሌለው የአነጋገር ጉድለት አለመሆኑን ከጋይንት በላይ የሚያስተምር አገር የለም ብንል ማጋነን አይሆንም። በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ድጓን የተማረ ሰው በመምህርነት ሊታመን ሲፈልግ ወደዚያች ስፍራ ሄዶ በሊቃውንት ፊት ይፈተናል። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ግን በአንድ ስልት ብቻ አይዜምም፤ የቤተልሔም፥ የቆማ፥ የአጫብርና የተጉለት እየተባለ እያንዳንዱ ስልት በስፍራው ስም ይጠራል። አጫብር የሚያዜመው ሰው ስልቱ የቤተልሔም ስላልሆነ አላዋቂ አይባልም፤ እርሱም የራሱ መምህርና የራሱ ሥርዓት አለውና።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፥ ልዩነት ያለበት ሁሉ ስሕተት አለበት ማለት አይደለም። ሁለተኛው፥ የአንድ ስልት እውነተኛነት የሚታወቀው በሥራው ባደጉት ሰዎች ምስክርነት እንጂ በሰሚ ግምት አይደለም። የጋይንትን ዘዬ በጨዋታ ሊያሰማ የሚወድ ሰው ሁለት ሦስት ቃላት አጣሞ ቢያስነግር፥ ሳይማር እንደሚያዜም ሰው ይቈጠራል። ዘዬ በቃላት አጠራር ብቻ የተወሰነ አይደለምና፤ ሽማግሌን «አንቱ» ብሎ ማክበርን፥ ሰላምታንና ዝምታን ጭምር ይይዛል። ደግሞም በወሰን አጥር አይታሰርም። ስማዳ በዐባይና በበሽሎ ሸለቆዎች በኩል ከጎጃምና ከወሎ ጋር ስለሚዋሰን፥ ከጉና ተራራ ሥር ያለው ሰው አነጋገርና የቈላው ሰው አነጋገር አንድ ነው ብሎ አስቀድሞ መፍረድ አይገባም።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት፥ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጋይንትና በጨጨሆ፥ በዋድላና በደላንታ በኩል እየተጐተተ መቅደላ ደርሷል። አንድ ወጣት ይህን ጉዞ ጨዋታ ሊያደርገው ቢነሣ በዚያ ሠራዊት ውስጥ የማንን ድምፅ ያሰማል? ሁሉንም እንደ ዛሬ የሬዲዮ ዜና አንባቢ ቢያናግራቸው መንገዱ አገር ያጣል። ገመድ የሚስቡትን ብቻ በባላገር ዘዬ፥ ንጉሡን ግን በከተማ አነጋገር ቢያናግራቸው በደሉ ከፊተኛው የባሰ ይሆናል። ንጉሡ ራሳቸው የቋራ ሰው ናቸውና። ስለዚህ ገመድ ሳቢው ዘዬ ካለው ንጉሡም ዘዬ ይኑራቸው፤ የንጉሡ ዘዬ የማያስቅ ከሆነ የገመድ ሳቢውም አያስቅ። የእውነተኛነት መመዘኛው ይህ ይመስለናል፤ የዱሮውን ድምፅ አንድ ሳይጐድል መመለስ የማይቻል ነው፤ ክብርን በትክክል ማካፈል ግን ይቻላል።

ይህን ስንል ግን የጋራ አነጋገር አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ሕግ የሚነገርበት፥ መጽሐፍ የሚታተምበትና ሩቅ ለሩቅ ያለ ሕዝብ የሚግባባበት ቋንቋ ለአገር ታላቅ ሀብት ነው። የጋይንት ልጅም የአያቱን አነጋገር ብቻ እንዲናገር ማስገደድ እንደ መሳቅ ያለ ሌላ በደል ነው፤ በትምህርትና በኑሮ የሚለወጥ ሰው ራሱን አልካደም። እውነተኛነትን የሚፈልግ ሠሪም ሰውን እንደ ቤተ መዘክር ዕቃ አንድ ስፍራ ላይ ማስቀመጥ የለበትም። ከንፋስ መውጫ የወጣ መሐንዲስ በጨዋታ ውስጥ ቢታይ፥ በሥራው ላይ በጋራው አነጋገር፥ ከእናቱ ጋር በአገሩ ዘዬ ቢናገር ሁለቱም አፍ የራሱ ነው።

ስለዚህ ይህን አዲስ ጥበብ የያዙ ወጣቶቻችን ድምፅን ከመቅዳታቸው በፊት ወደ ድምፁ አገር ቢሄዱ፥ ባለቤቶቹን ቢጠይቁ፥ ሥራቸውንም በእነርሱ ፊት ቢያስመሰክሩ መልካም ነው። መምህራንም በክፍላቸው ውስጥ ለሚሰማው ዘዬ ሁሉ እኩል ጆሮ ቢሰጡ የዚህን ሥራ መሠረት ይጥላሉ። ሰው የራሱን አፍ ድምፅ ከሹሙም ከአገልጋዩም፥ ከጥበበኛውም ከሞኙም አንደበት እኩል ሲሰማ በዚያ ጨዋታ ውስጥ አገሩን ያገኛል፤ ከሞኙ አንደበት ብቻ ሲሰማው ግን ጨዋታው በእርሱ ላይ መሆኑን ያውቃል።