ጣፋጭ ማዕድ ጾምን ይሽራልን?

ስለ ጾም ስንነጋገር ብዙውን ጊዜ የምንጠይቀው «ይህ ይበላል ወይስ አይበላም?» እያልን ነው። ዛሬ ግን ጠለቅ ያለ ጥያቄ እናንሣ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት፣ ነገር ግን እጅግ የጣፈጠና ውድ የሆነ ማዕድ ቀርቦልን በደስታ ብንበላው ጾመናል ማለት ይቻላልን?

ጥያቄው የተነሣው ከቤታችን ነው። ባለፈው ዓመት በጾመ ነቢያት ታላቅ ወንድማችን ሥራ ይዞ የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተሰቡን በሙሉ ፒያሳ በሚገኝ ጥሩ ምግብ ቤት ሊጋብዝ አሰበ። እኛም «በጾም ግብዣ ምንድን ነው? እስከ ገና መታገሥ አይቻልም ወይ?» ብለን አጉረመረምን። እናታችን ግን «ልጄ በላቡ ያገኘውን ልቅመስለት እንጂ!» አሉ። ነገሩ በዚሁ ተቆረጠ።

በአራዳ ጊዮርጊስ አስቀድሰን ቁልቁል በእግራችን ወረድን። ምግቡ እንደ ቤታችን በአንድ ትሪ አልቀረበም። በትንንሽ ሳህን በየተራ ነበር የሚመጣው፤ አስቀድሞ አዚፋ፣ ቀጥሎ ሱፍ ፍትፍት፣ ከዚያም የእንጉዳይ ጥብስ፣ ምስርና ጎመን፣ በመጨረሻም በሸክላ የሚንተከተክ ተጋቢኖ። እናታችን ከሱፉ ፍትፍት ጎረስ አድርገው «ይኼስ የእኔን ይበልጣል» አሉና ጥቂት ዝም ብለው «በጾም ወራት ተቀምጬ፣ ሰው አቅርቦልኝ ስበላ ይህ የመጀመሪያዬ ነው» ሲሉ ጨመሩ። አባታችን አንገታቸውን ደፉ። እኛም የምንለው ጠፋን።

እውነታቸውን ነበር። ጾም ሲገባ ለእናቶቻችን ሥራው ይበዛል እንጂ አይቀንስም። ሱፉ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይጠለላል፤ ተልባው ይፈጫል፤ ምስሩ ይለቀማል። እኛ ቀርቦልን በልተን «ጾምን» ስንል፣ ድካሙን የሚሸከም ሌላ ሰው ነው። እንግዲህ ያን ግብዣ ለመንቀፍ የበቃ አፍ ነበረንን?

ቤተ ክርስቲያናችንም ደስ ብሎ መብላትን በደል አላለችውም። ከቀዳም ስዑር በቀር ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት እንጂ ከእህልና ከውኃ አይጾምም። ይሁን እንጂ የጣዕም ነገር በዚህ አያበቃም። ነቢዩ ዳንኤል ባዘነበት ወቅት ሦስት ሳምንት ሙሉ ከመልካም ምግብ እንደተከለከለ በምዕራፍ 10 እናነባለን። ጣዕምን መተው የጾም አንዱ ክፍል ነው። ዛሬ የጾም ኬክ፣ የጾም በርገር፣ የጾም ፒዛ በከተማችን ይገኛል። አንዳች ነገር እንዳይቀርብን ብለን በየቀኑ እነዚህን ስንፈልግ የምንውል ከሆነ፣ ምግቡን ለወጥን እንጂ ምኞታችንን አልገታንም።

ምግቡ ብቻውን ጾም እንደማይሆን ሌላም ማስረጃ አለ። በእንግሊዝ አገር በ1937 ዓ.ም. ከእንስሳት የሚገኘውን ምግብ ሁሉ የተዉ ሰዎች ማኅበር አቋቁመው ራሳቸውን «ቪጋን» ብለው ሰየሙ። ዋነኛ ምክንያታቸው ለእንስሳት ማዘን ነበር። ዛሬ በየአገሩ ብዙ ተከታዮች አሏቸው። በእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ለብዙ ዓመታት የታወቀውን የጾም ቡፌ ከሚመገቡት መካከል እንዲህ ያሉ የውጭ እንግዶች ነበሩበት። ዓላማቸው መልካም ነው፤ ምስሩም ያው የእኛው ምስር ነው። ለእነርሱ ግን ምሳ ነው፤ ለእኛ ጾም ነው። ልዩነቱ ከሳህኑ ውጭ መፈለግ አለበት።

ይህንንም ያገኘነው ከምግብ ቤቱ ልንወጣ ስንል ነው። ብዙ ምግብ ስለተረፈ ታናሽ እህታችን «ተጠቅልሎ በጊዮርጊስ ደጅ ላሉት ይሰጥ» አለች። እናታችን ግን «ትራፊውን እኛው ነገ አሙቀን እንበላዋለን። ለእነርሱ አዲስ ይታዘዝ» አሉ። ወንድማችንም ሦስት በያይነቱ አስጨመረ። ፌስታሉን ይዘን ዳገቱን መልሰን ወጣን።

በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለተቀመጡ አንድ አዛውንት አንዱን ስንሰጣቸው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ከመክፈታቸው በፊት ግን ቀና ብለው «የጾም ነው?» ሲሉ ጠየቁን።

እኚህ አባት ከጠዋት ጀምሮ ይቅመሱ አይቅመሱ አናውቅም። ከሞላ ቤት ቀንሰው የሚተዉት ነገር የላቸውም። ግን ጾማቸውን ጠበቁ። እኛ ደግሞ ከጠገብን በኋላ ስለ ጾም ለመከራከር የተዘጋጀን ነበርን። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 11 የገሠጻቸው ምግባቸው ስለጣፈጠ አልነበረም፤ አንዱ ጠግቦ ሲነሣ ሌላው ተርቦ ስለሚሄድ ነው።

ስለዚህ ጣፋጭ ማዕድ በራሱ ጾምን አይሽርም እንላለን። ጾምን የሚሽረው ሌላውን ረስቶ መብላት ነው፤ የተረሳውም በደጅ ያለው ድሀ ብቻ ሳይሆን በማጀት ያለችው እናት ጭምር ናት። በመጪው ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ለጣዕም ልናወጣ ካሰብነው ላይ የተወሰነውን ለተራበ እናውጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እኛ ልጆች ወጡን እንሥራና እናቶቻችን ተቀምጠው ይብሉ። ምናልባት የእኛ ሱፍ ፍትፍት አይጣፍጥ ይሆናል። እነርሱ ግን እንደሚጣፍጣቸው አንጠራጠርም።

አምላካችን የምንጾመውን ጾም ይቀበልልን። አሜን።