በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ

ልጄ፣ እስቲ አረፍ በልና ስማኝ። አባቶቻችን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ሲሉ ቤት ለማስመታት ብቻ አልነበረም። ታኅሣሥ 29 ቀን ሜዳው ላይ ባላባቱና ጭሰኛው፣ አለቃውና እረኛው በአንዲት እሩር ይራኮቱ ነበር። ዱላው የጌታውን ቅልጥም ቢያገኘው ክስ የለም፣ ካሣ የለም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ደግሞ የረታው ወገን የተረታውን በግጥም ይሸነቁጠዋል። ዓመቱን ሙሉ ቀና ብሎ ያላየው ሎሌ፣ የጌታውን ስስት በዜማ ይነግረዋል። ጌታውም ስቆ ጠላ ያስቀዳል። ቢቆጣ ግን «በገና ጨዋታ ተቆጣ» ተብሎ ዓመቱን ሙሉ መተረቻ ይሆናል።

ይህን ልማድ ያቆዩልን ሰዎች አንድ ነገር ገብቷቸዋል። ሹመትና ሀብት ሰውን ሰውነቱን ያስረሳዋል፤ የሚያስታውሰውም ሳቅ ነው። በራሱ መሳቅ የሚችል ሰው ክብሩ ከራሱ ጋር ነው። የማይችለው ግን ክብሩን በሰው አፍ ላይ አስቀምጦ፣ ማን ምን አለኝ እያለ ሲጠብቅ ይኖራል። እንቅልፍም የለው።

ባለፈው በአንድ ሠርግ ላይ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ወደ እናንተ ሲመጣ አይቻለሁ። መጀመሪያ ከአጠገብህ የነበሩትን ሽማግሌ በመላጣቸው ነካቸው። እሳቸው ከት ብለው ሳቁ፤ «ተቀበል!» ብለውም በገዛ መላጣቸው ላይ ሌላ ስንኝ ጨመሩለት፤ ከኪሳቸው ብር አውጥተው ግንባሩ ላይ ለጠፉለት። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ የዚያ ምሽት ጌታ እሳቸው ሆኑ። አዝማሪው ወደ አንተ ዞሮ በአዲሱ ሹመትህ ሲጫወት ግን ፊትህ ጠቆረ። ቁርጡ ሳይቀርብ ተነሥተህ ወጣህ። ልጄ፣ እንግዳው ስንኙን በማግስቱ ረስቶታል። ያልረሳው መውጣትህን ነው።

«ከሰው ስሕተት ከብረት ዝገት አይጠፋም» ይባላል። የቅኔ ተማሪውን ኑሮ ተመልከት። ቀኑን ሙሉ ከዛፍ ጥላ ሥር ተጠግቶ ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል፤ ከዚያ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ቤት ከሰበረ በጓደኞቹ ፊት ይታረማል፤ ይሳቅበታልም። ሳቁን ተቀይሞ ደበሎውን አንሥቶ የሄደው ሳይማር ቀረ። ከሳቂዎቹ ጋር ስቆ፣ በማግስቱ የተቃና ቅኔ ይዞ የተመለሰው ግን ዛሬ ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል።

አንተ አሁን የሰው አለቃ ነህና ይህን አጥብቀህ ያዝ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም»። በስሕተትህ የማትስቅ ከሆነ ሠራተኞችህ ስሕተትህን ማንሣት ይፈራሉ። ስብሰባ ላይ አንገታቸውን ይነቀንቁልሃል፤ እውነቱን ለመተላለፊያው ያቆዩታል። አለቃ ሲገባ ሳቅ ጸጥ የሚልበት ቢሮ ውስጥ እውነትም አብራ ጸጥ ትላለች።

ትልቅ ሰው ከሳቀ ይቀላል የሚሉህን አትስማ። አለቃ ገብረ ሐና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከነበሩት የአቋቋም ሊቃውንት አንዱ ናቸው። ዛሬም ማኅሌት የሚቆምበት የተክሌ አቋቋም የእሳቸው አሻራ ያለበት ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከልጃቸው ከተክሌ ነው። ያም ሆኖ ስማቸው ሲነሣ ሰው ወጉን ሳይሰማ ገና ፈገግ ይላል። ጨዋታቸው ከሊቅነታቸው ቅንጣት አልቀነሰም። እንዲያውም የቤተ ክርስቲያን ደጅ ረግጦ ለማያውቀው ሁሉ ሊቁን የቅርብ ዘመድ አደረገለት።

ሳቅ ግን ወግ አለው። «በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል»፤ በወደቀ ሰው ላይ ምሳር ከሚያነሡት ጋር አትቁም። የገናው ግጥም ጣዕሙ ከሎሌው ወደ ጌታው ሲወረወር ነው እንጂ ከጌታው ወደ ሎሌው ሲሆን አይደለም። የድሃን ልብስ፣ የተንተባተበን አንደበት መሳቂያ የሚያደርግ ሰው ተጫዋች አይባልም፤ ጨካኝ ነው። መሳቅ ካማረህ ከራስህ ጀምር፤ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» እንዳትባል።

በራስህ ሳቅ ስልህም ራስህን ናቅ ማለቴ አይደለም። በሠራኸው ስሕተት ሳቅ፤ ፈጣሪ በሰጠህ ሰውነት ላይ ግን አታላግጥ። ሐዘንህንም በሳቅ አትሸፍን። «ጥርስ ባዳ ነው» እንደሚባለው ልብ እየደማ ጥርስ ሊስቅ ይችላል። ሲከፋህ አልቅስ፤ አትፈርበት። ለቅሶም ቢሆን በጊዜው ለጨዋታ ቦታ ይለቃል። ድንኳን ውስጥ ሲመሽ፣ የካርታው ጨዋታ እየቀጠለ፣ ቡናው እየዞረ፣ ከለቅሶ ደራሹ አንዱ የሟቹን ወግ ያነሣል። «አንድ ቀን እኮ በቅሎ ልግዛ ብሎ…» ብሎ ይጀምራል። ሐዘንተኛው ዕንባውን ሳይጠርግ ፈገግ ይላል። ያቺ ፈገግታ ሟቹን አታቃልለውም፤ የቀረውን ታበረታለች እንጂ።

እንግዲህ ልጄ፣ ከቤትህ ጀምር። ማታ ገበታ ላይ ሚስትህና ልጆችህ በተሰበሰቡበት የዛሬ ስሕተትህን አንዲቷን ንገራቸውና አብራችሁ ሳቁ። አባታቸው ተሳስቶ ሲስቅ ያዩ ልጆች፣ እነሱ ሲሳሳቱ መዋሸት አያስፈልጋቸውም። አዝማሪውም ሌላ ቀን ሲመጣብህ ከመቀመጫህ አትነሣ፤ «ተቀበል» በለው። ፈጣሪ ጥርስህን ከሳቅ፣ ቤትህን ከጨዋታ አይለይብህ።