ሲጠፋ የሚፈልገው ማን ነው?

አምቦ ውስጥ አንድ ብር ሠሪ አውቃለሁ። በገበያ ቀን ሱቁ በር ላይ ዱካ ስቤ ቁጭ እላለሁ። አንድ ቀን፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጠና ያሉ እናት የመቀነታቸውን ጫፍ ፈትተው ሦስት ጠገራ ብር መዳፉ ላይ አኖሩለት። ሦስቱም ጆሮ ተበይዶላቸው፣ በክር ተሰክተው አንገት ላይ የኖሩ ናቸው። የንግሥቲቱ ጉንጭ በላብና በልብስ ተፍቆ ለስልሷል። ብር ሠሪው ሚዛኑን ወደ ራሱ እየሳበ "እማማ፣ ሦስቱንም ይሸጣሉ?" አላቸው። ወዲያው አልመለሱለትም።

ያ ዝምታ እስካሁን አብሮኝ አለ። አሮጌ ነገር የሚገዛ ሰው በትክክል የሚገዛው ምኑን ነው?

ብሩን ነው እንዳንል፣ አንዱ ጠገራ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ ንጹሕ ብሩ 23 ግራም ያህል ነው። ለዚህ ብር ሠሪው ይበቃል፣ ሰብሳቢ አያስፈልግም። ዕድሜውን ነው እንዳንል ደግሞ ጠገራ ብር ዕድሜውን አይናገርም። ላዩ ላይ 1780 የሚል የአውሮፓ ዓመት ተቀርጾበታል፤ ምስሏ ያለበት ንግሥት፣ ማሪያ ትሬዛ፣ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ የትም ይመታ፣ መቼም ይመታ፣ የሚጻፍበት ያው 1780 ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ ለወረራዋ እንዲሆናት እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ ሮም ላይ ያስመታችው እንኳ ይህንኑ ዓመት ይዟል። ስለዚህ ሁለት ጠገራዎች ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ አንዱ በምኒልክ ዘመን በቅሎ የተገዛበት፣ ሌላው ባንዳ የተከፈለበት ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን አንብቦ "የሁለት መቶ ዓመት ቅርስ አገኘሁ" ብሎ የሚደሰት ሰው ያነበበው የአንዲት ሴት የሞት ዓመት ነው። የሳንቲሙ እውነተኛ ዕድሜ ያለው በባለቤቱ አፍ ነው፦ ማን ሰጣት፣ ለየትኛው ሠርግ፣ ስንት በሬ ተሸጦባት።

ዋጋ ስንከራከር የማንጠይቀው ይህንን ነው። እኔም አልጠየቅሁም። ከዓመታት በፊት ጉደር ላይ አንድ ጠገራ ገዝቼ ነበር፤ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። የማን እንደነበረ አላውቅም፣ አሁን ልጠይቅ ብልም የምጠይቀው ሰው የለኝም። ከመቅለጥ አዳንኩት ብዬ ራሴን ሳጽናና ቆይቻለሁ። አሁን ግን ያዳንኩት ቅርጹን ብቻ እንደሆነ ይሰማኛል።

ቅርስ የሚለውን ቃል ራሱን ብናየው፣ ሽማግሌዎች ቅርስና ጥሪት ሲሉ ለክፉ ቀን የተቀመጠውን ሀብት ማለታቸው ነው። እንግዲህ ክፉ ቀን መጥቶባቸው ጠገራቸውን ገበያ ያወጡ እናት ቅርስን ለተቀመጠለት ጉዳይ እያዋሉ ነው። "ቅርሷን ሸጠች" ብሎ የሚወቅሳቸውን ሰው አልቀበልም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ፣ ያለ ፈቃድም ከአገር እንዳይወጣ ያዛል፤ ተገቢ ሕግ ነው። ነገር ግን ሕግ የሚይዘው ዕቃውን ነው። ከዕቃው ጋር የሚሄደውን ትዝታ የሚይዝ ኬላ የለም።

ታሪኩ ከተመዘገበስ ጉዳቱ ይቀራል? የመቅደላን ዘውድ እናስብ። እ.ኤ.አ. በ1868 አምባው ሲወድቅ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ ከአንድ ወታደር በ4 ፓውንድ ገዛ። ዛሬ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ይገኛሉ። ማን እንዳሠራቸው፣ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ኢያሱ ለጎንደር ቁስቋም እንደሰጧቸው ሁሉ ይታወቃል። የእኔ ጠገራ ያጣውን ሁሉ ይህ ዘውድ አለው። ቁስቋም ግን ዘውዱም ጽዋውም የሉም። ዕውቀቱ ስላለ ብቻ ግዢው አልጸዳም።

ጠገራዬንና ዘውዱን ሳነጻጽር ሁሌ አንድ ጥያቄ ላይ እደርሳለሁ፦ ይህ ነገር ሲጠፋ የሚፈልገው ማን ነው? የላሊበላው መስቀል አፍሮ አይገባ በ1989 ዓ.ም ሲሰረቅ የገዛው ቤልጂየማዊ በእጁ የያዘው ውድ ብረት ነበር። ላሊበላ ግን ምእመኑ አልቅሷል፣ ካህናቱ ፈልገውታል። በ1993 ዓ.ም ሲመለስ ወደ መስታወት ሣጥን አልገባም፤ ወደሚሳለመው ግንባር ነው የተመለሰው። ባለቤትነት ሲባል ለእኔ ከደረሰኙ በፊት የሚመጣው ይህ ፍለጋ ነው።

ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ አዲስ ዓለም ማርያም አለች። ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደዚያ ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ለቤተ ክርስቲያኗ የተሰጡት ዕቃዎች ሙዚየም የገቡት እዚያው ነው፤ ከቅዳሴው አልራቁም። ሙዚየም ከተባለ እንዲህ ያለውን እመርጣለሁ።

የሲንቄ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይከብደኛል። በዚህ አገር የኦሮሞ እናት ልጇን ስትድር ሲንቄ የሚባለውን ቀጭን በትር ታስይዛታለች። ሴት ስትበደል ጎረቤቶቿ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ሽማግሌም ባልም ያን በትር አልፎ አይሄድም። አዲስ አበባ፣ ቸርችል ጎዳና፣ ከቱሪስት ዕቃዎች መካከል እንዲህ ያለ ቀጭን በትር ቆሞ ባይ ዋጋው ስንት ነው ብዬ መጠየቅ አልችልም። ሻጩ ሊሸጥልኝ የሚችለው እንጨቱን ነው። የበትሩ ባለቤት ስትጮህ የሚወጡላትን ሴቶች ከየት አምጥቶ ይሸጥልኛል?

ስለ ብር ሠሪው ከሰልና ወናፍ ያለኝም ሐሳብ በዚሁ ጥያቄ ተለወጠ። ቀልጦ የአንዲት ልጅ የአንገት መስቀል የሆነ ጠገራ፣ ቢጠፋ የምታለቅስለት አለችው። የእኔ መሳቢያ ውስጥ ያለው ቢጠፋ ማን ያውቃል?

እናትየዋ በመጨረሻ "ሁለቱን" አሉ። ሦስቱን መዳፋቸው ላይ አድርገው በአውራ ጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና አንዷን አወጡ። "ይቺ የእናቴ ናት።"

ለእኔ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ያው ፊት፣ ያው ዓመት። "በምን ለዩዋት?" አልኳቸው።

"ጆሮዋ ተጣሞ ነው የተበየደው፣ ልጄ። ስትንጠለጠል ሴትዮዋ ቁልቁል ታያለች። እናቴ ታናናሾቼን ስታጠባ፣ ሕፃኑን የምታየው ይመስለኝ ነበር።"

መልሰው መቀነታቸው ጫፍ ላይ ቋጠሯት። ብር ሠሪው ሁለቱን መዘነ።