ጥሪና እንጀራ

በዓለም አቀፍ ግንኙነት የተመረቀ ወጣት በመጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ «የት ልትቀጠር ነው?» የሚል ነው። ሐኪም ሆስፒታል፣ መምህር ትምህርት ቤት አለው፤ የእሱ ሙያ ግን እንዲህ በስም የታወቀ ቤት የለውም። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ በመሆኗ የብዙዎች ተስፋ ወደ እነዚህ ተቋማትና ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያዘነብላል። በሮቹ ግን ጠባብ ናቸው፤ ያልገባው በባንክ፣ በእርዳታ ድርጅት፣ በጋዜጠኝነት ወይም በንግድ ይሰማራል። ያኔ «ተምሮ ምን አተረፈ?» ይባላል። ከዚህ ፍርድ ሥር አንድ የቆየ የእምነትና የፍልስፍና ጥያቄ አለ፦ የሰው ጥሪና የተቀጠረበት መደብ አንድ ናቸው ወይ?

አንድ አይደሉም። የአሕዛብ ሐዋርያ የተባለው ጳውሎስ ድንበር እየተሻገረ፣ ባህላቸው የተለያየ ሕዝቦችን ሲያስተምር ኖሯል፤ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ተቀምጦ እንጀራውን ያገኝ የነበረው ግን ድንኳን በመስፋት ነው። መስፋቱ ሐዋርያነቱን አላሳነሰበትም። የዲፕሎማሲ ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። የተባበሩት መንግሥታት ሁለተኛ ዋና ጸሐፊ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1961 ለኮንጎ ሰላም ሲጓዝ በአውሮፕላን አደጋ የሞተው ዳግ ሐመርሾልድ ከዚያ በፊት የአገሩ የስዊድን የገንዘብና የባንክ ሰው ነበር። የኢትዮጵያን ጉዳይ በዓለም መድረክ ለዓመታት የተሟገቱት ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድም በፓሪስ የተማሩት ሕግ ነበር። ሰዎች ከሌላ ሙያ መጥተው ይህን አገልግሎት በብቃት ከተወጡት፣ ይህን ትምህርት የተማረም ወደ ሌላ ሙያ ሄዶ ጥሪውን ሊፈጽም ይችላል።

«ይህ ሥራ ላጣ ሰው የሚነገር ማጽናኛ ነው፤ የመቀጠሪያውን ዕድል ሳያሰሉ ተማሪ የሚቀበሉትንም ከተጠያቂነት ያድናል» የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ነገር ግን በእጁ እየሠራ የኖረው ጳውሎስ ራሱ፣ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው መልእክት የሚያገለግል ሰው ከአገልግሎቱ ሊኖር እንደሚገባው አጥብቆ ተከራክሯል። እሱ መብቱን በፈቃዱ ተወው እንጂ መብት የለም አላለም። ስለዚህ ጥሪን ከመደብ መለየት የሠራተኛን ደመወዝም ሆነ የተቋማትን ኃላፊነት አይሰርዝም። ወጣቱ ተገቢውን ሥራ መጠየቅ አለበት፤ እስኪያገኘው ድረስ ግን የሕይወቱ ትርጉም በቀጣሪ እጅ ተይዞ መቆየት የለበትም።

«ማንኛውም ሥራ ጥሪን የሚያሟላ ከሆነ አራት ዓመት መማር ለምን አስፈለገ?» የሚለው ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። መልሱ ማንኛውም ሥራ ያሟላል አለመባሉ ነው። ይህ ትምህርት የሚሰጠው ልዩ ነገር የባዕዱን ሰው ጥቅምና ስጋት ከእሱ ቦታ ሆኖ ማየት፣ በአገሮች መካከል ያለውን ሕግና ኃይል ማወቅ ነው። ሠራተኞችን ወደ ቤይሩትና ወደ ሪያድ በሚልክ ኤጀንሲ የተቀጠረን ተመራቂ እናስብ። በከፋላ (በአሠሪ ዋስትና) ሥርዓት የምትሄደው ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር እንደሚታሰር ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት የታሰረ ሰው ከአገሩ ቆንስላ ጋር የመገናኘት መብት እንዳለው መደንገጉንም ያውቃል። ይህን በሚገባት ቋንቋ ካስረዳት፣ ውሉንም ከመፈረሟ በፊት አንብቦ ካሳያት፣ ኤምባሲ ውስጥ ካለ ባለሥልጣን ያላነሰ የውጭ ግንኙነት ሥራ ሠርቷል። ያንኑ እውቀት ውሉን ለመደበቅ ካዋለው ግን፣ በሙያው ቢቀጠርም ጥሪውን ክዷል። እንግዲህ የትምህርቱ ዋጋ የሚለካው እውቀቱ ለማን በመዋሉ ነው።

ስለዚህ ወላጆችና መምህራን ተመራቂውን «የት ገባህ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉት፤ «ያወቅኸውን ለማን አዋልከው?» ብላችሁ ጠይቁት። አንተም ተመራቂው፣ የምትመኘው በር እስኪከፈት እውቀትህን አታስቀምጥ፤ ዛሬ በተቀመጥክበት ወንበር ፊት የሚቆመው ሰው ያስፈልገዋል።