ምስክር በሌለበት ስፍራ

ሰው እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው ሲታይ ነውን፥ ወይስ ሳይታይ? ይህን ጥያቄ ለመመርመር በጃፓን ተራሮች ላይ የሚደረገው የጎልፍ ጨዋታ መልካም ምሳሌ ይሆነናል።

ጎልፍ ማለት ትንሽ ኳስ በበትር እየመቱ፥ በሰፊ መስክ ላይ ተራርቀው ወደ ተቈፈሩ 18 ጕድጓዶች በየተራ ማግባት ነው፤ በጥቂት ምት የጨረሰው ያሸንፋል። በጃፓን የመጀመሪያውን መስክ ያዘጋጀው አርተር ግሩም የተባለ እንግሊዛዊ ነጋዴ ሲሆን፥ ማኅበሩም በፈረንጅ አቈጣጠር በ1903 ዓ.ም. ከቆቤ ከተማ በላይ በሮኮ ተራራ ተመሠረተ። የጃፓን ምድር ከሦስት እጅ ሁለቱ ደን ነው፤ ሜዳውንም የሩዝ እርሻና ከተማ ስለ ያዙት፥ በገጠር ያለው የጎልፍ መስክ ብዙውን ጊዜ በተራራ ላይ በዛፎች መካከል ይገኛል። ከዛፎቹም አንዱ ሱጊ የሚባለው፥ የአገራችን ጽድ ዘመድ የሆነው ነው።

እንግዲህ ኳሲቱ ስታ ወደ ደኑ የገባች እንደ ሆነ፥ ተጫዋቹ ተከትሎ ይገባል፤ ጓደኞቹም ከዛፉ ወዲያ ይቀራሉ። ለመፈለግ የተፈቀደለት 3 ደቂቃ ነው፤ ካጣት አንድ ምት ተቈጥሮበት ወደ ቀድሞው ስፍራ ይመለሳል። ካገኛትም በኋላ ለመምታት ሲሰናዳ ቢያነቃንቃት፥ ወደ ስፍራዋ መልሶ አንድ ምት በራሱ ላይ መጨመር ግዴታው ነው። በእግሩ ገፋ አድርጎ ዝም ቢል ግን ማን ያየዋል? በዘወትር ጨዋታ ዳኛ የለም፤ ከሳሹም ምስክሩም ፈራጁም እርሱ ራሱ ነው።

በዚያው አገር ደግሞ ሌላ ልማድ አለ። ኳሱን በአንድ ምት ከጕድጓድ ያገባ ሰው ለወዳጆቹ ግብዣ ያደርጋል፥ ስጦታም ይሰጣል። ወጪው ስለሚከብድ ለዚሁ ዕድል አስቀድመው ኢንሹራንስ የሚገቡ አሉ። ኩባንያው ግን በተጫዋቹ ቃል ብቻ አይከፍልም፤ ያየ ምስክር ይጠይቃል። እንግዲህ ያው ሰው በዚያው ተራራ ላይ ስለ ጥፋቱ ሲናገር ያለ ምስክር ይታመናል፤ ስለ ዕድሉ ሲናገር ግን አይታመንም።

ኩባንያውን አንነቅፈውም፤ የብዙ ሰው ገንዘብ በእጁ ነውና። ነገር ግን ምስክር የጠየቀ ሰው ያገኘው ማስረጃ ነው እንጂ የሰውየውን ጠባይ አላወቀም። የታየ ሰው እውነት ቢናገር፥ እውነትን ወዶ ይሁን ቅጣትን ፈርቶ አይለይም። በደኑ ውስጥ ግን ይለያል።

«ጨዋታ ነው፤ አንድ ምት ቢደበቅ ማን ተጐዳ?» የሚል አይታጣም። መልሱ ይህ ነው፤ ገንዘብ የሰረቀ ሰው ቢያንስ ገንዘቡ በእጁ ይቀራል። የጨዋታ ድል ግን ከቍጥሩ በቀር ሌላ ነገር የለውም፤ ቍጥሩ ሐሰት ከሆነ የሰረቀው ምኑን ነው? ባዶውን ይዞ ይመለሳል፤ የጓደኞቹንም እምነት ሳያውቁት ይወስድባቸዋል።

ደግሞም በትንሽ ነገር ራሱን ያላስለመደ ሰው በትልቁ ድንገት አይበረታም። አንባቢ ሆይ፥ ሚዛን የሚይዝ ነጋዴም መዝገብ የሚጽፍ ጸሓፊም ማንም የማያየው የሥራ ሰዓት አላቸው። በየሰዓቱ ጠባቂ ማቆም አይቻልም፤ ስለዚህ የከተማ ኑሮ የሚጸናው፥ ሳይጠየቅ «ይህ በእኔ ላይ ይቈጠር» በሚል ሰው ነው።